የኢንግ ነገር

ሰው የሚፈራው ነገር እንደ ዕድሜው ይለዋወጣልና፣ እኔም በሕፃንነቴ ጅብን፣ በቈሎ ተማሪነቴ የመንደር ውሻን፣ ጐልማሳ ሆኜ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ወር ሲሞላ በር የሚያንኳኳውን የቤት አከራይ ስፈራ ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ቃል ጅራት ላይ የምትንጠለጠል፣ በሦስት የላቲን ፊደላት ብቻ የተሠራች፣ «ኢንግ» የምትባል አንዲት ሚጢጢ ባዕድ ከጅቡም፣ ከውሻውም፣ ከአከራዩም ይልቅ እንቅልፍ ትነሣኛለች ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ «ሂድ ወዲያ! እኔ ስንቱን ግሥ ያወረድሁ ሰው ነኝ» ብዬ በሣቅሁበት ነበር።

ግሥ ያወረድሁ ማለቴ ለትዕቢት አይደለም። የልጅነት ዘመኔ ያለፈው በጎጃም ቅኔ ቤት፣ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ ቀን ቁራሽ ስለምን ውዬ፣ ማታ በመምህሬ ጎጆ ደጃፍ ከባልንጀሮቼ ጋር ተኰልኵዬ ግሥ ሳወርድ ነበር፤ በዚያም ቤት ግሥ ማለት በጓዳ የተዝረከረከ ቅራቅንቦ ሳይሆን ሥርዓት ያለው ሠራዊት ነውና፣ «ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ» የተባሉት ስምንቱ አርእስት እንደ ስምንት የጦር አለቆች በየረድፋቸው ቆመው፣ ሌላው የግእዝ ግሥ ሁሉ ከየአለቃው በስተኋላ ተሰልፎ፣ ቀዳማዩ ካልኣዩን፣ ዘንዱ ትእዛዙን፣ ንዑሱም ዐቢዩን ሳይጋፋ ያልፋል። ስለዚህ በ1950ዎቹ ዓመታት ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በጸሓፊነት ተቀጥሬ ሳለሁ፣ አለቃዬ «እንግሊዝኛ ካልተማርህ ከዚህች ወንበር ንቅንቅ አትልም» ባሉኝ ጊዜ፣ ስምንት አርእስት የጨረሰ ሰው የእንግሊዝን ግሥ እንደ ቈሎ ይቆረጥመዋል ብዬ በማሰብ፣ በዚያው ሳምንት ከማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ተመዘገብሁ።

በዚያን ዘመን በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩ የህንድ አገር ሰዎች ብዙ ነበሩና፣ ለእኛም ክፍል የደረሱን ረዥም፣ ቀጭን፣ ጸጥተኛ፣ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ የጠመኔ ብናኝ የማይለየው ህንዳዊ መምህር ነበሩ። በመጀመሪያው ማታ ስም ሲጠሩ፣ እኔ በአደግሁበት ሥርዓት እጅ ነሥቼ «የኔታ!» ብዬ መለስሁ፤ እርሳቸውም ይህ ቃል በአማርኛ «አለሁ» ማለት ስለ መሰላቸው፣ በማግስቱ ሌሎቹ በእንግሊዝኛ «ፕሬዘንት» ማለት ሲጀምሩ አቋርጠው፣ «እንዲህ አይደለም፤ እንደ አገራችሁ ወግ መልሱ» ብለው አዘዙ። ከዚያች ማታ አንሥቶ ከሃምሳ አለቃው እስከ ሸማ ነጋዴው ሠላሳ የምንሆን ጐልማሶች ስማችን በተጠራ ቍጥር «የኔታ!» እያልን ስንመልስ፣ የማታው ክፍል የዋሸራን የቅኔ ጉባኤ መሰለ።

በመጀመሪያ የተማርነው ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚወርዱትን ግሦች ነበር። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» የሚለውን እኔ ልማድ ሆኖብኝ በዜማ ሳወርደው መምህሩ ደስ ቢላቸውም፣ «ዌንት» ከ«ጎ» ማሕፀን እንዴት ሊወጣ እንደ ቻለ ስጠይቃቸው ግን፣ «ዌንት» የ«ጎ» የአብራክ ክፋይ ሳይሆን «ዌንድ» የሚባል የሌላ ጥንታዊ ግሥ ኃላፊ ጊዜ እንደ ነበረና፣ «ጎ» ኃላፊ ጊዜውን ከጎረቤቱ ወስዶ የራሱ እንዳደረገ አስረዱኝ። እኔም በሆዴ፣ «የሰው ልጅ ወስዶ በገዛ ስሙ የሚያስጠራ፣ ይህ ምን ዐይነት ግሥ ነው?» ብዬ ታዘብሁ፤ በአማርኛም ቤት እንዲህ ያለ የጉዲፈቻ ልጅ መኖሩን ያወቅሁት ቈይቶ ነው።

ከዚህ በኋላ ነበር ኢንግ የመጣችው። አንድ ማታ መምህሩ በጥቍሩ ሰሌዳ ላይ «ሪዲንግ ኢዝ ጉድ» ብለው ጻፉና፣ «ግሥ ኢንግን በጅራቱ ባስከተለ ጊዜ እንደ ስም ያገለግላል፤ መጠሪያውም ጀረንድ ነው» ሲሉ አስረዱ። ማንበብ መልካም መሆኑን እኔም አልክድምና፣ ነገሩ እጅግ ደስ አሰኝቶኝ፣ የቅኔ ቤት ተማሪ ስም ሲያገኝ ከየትኛው ግሥ እንደ ወጣ ሳይጠይቅ አያድርምና፣ ኢንግ ያለበትን ቃል ሁሉ ወደ ግሡ ለመመለስ ቸኰልሁ። እጄንም አንሥቼ፣ «መምህር ሆይ፣ ንጉሥ የሚለው ቃል ነገሠ ካለው ግሥ ይወጣል፤ ኪንግስ ከየትኛው ግሥ ወጣ?» ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ ጠመኔያቸውን እንደ ያዙ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም፣ «ኪንግ ከግሥ አልወጣም፤ እንዲያው ስም ነው» አሉኝ። እንዲያው ስም! ሳይነግሥ ንጉሥ የሆነ ንጉሥ ሰምቶ የማይደነግጥ የግእዝ ተማሪ የት ይገኛል? ቀጥሎም ቀለበት ማለት የሆነው «ሪንግ»፣ ማለዳ ማለት የሆነው «ሞርኒንግ»፣ ይባስ ብሎም በኪሴ የነበረችው ሽልንግ እንኳ «ሽል» ከሚባል ግሥ እንዳልወጣች በተረዳሁ ጊዜ፣ ቤተሰብ መስሎ በሰርግ ቤት የሚቀመጠውን ሁሉ ዘመድ ነው ብዬ እንዳላምን ራሴን አስጠነቀቅሁ።

የሆነ ሆኖ እውነተኛው ጀረንድ ሲመረመር ምስኪን ፍጥረት ነው። ስሙ የተገኘው «መሸከም» የሚል ትርጓሜ ካለው የላቲን ግሥ ነውና፣ እንደ ስሙ ሁለት ሸክም ተሸክሞ ይኖራል። ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ለመግለጽ፣ አንድ ገበሬ ምስለኔ ተሹሞ፣ ካባ ለብሶ፣ በወንበር ተቀምጦ፣ ሰውም «ጌታዬ» እያለ እጅ ሲነሣው ውሎ፣ ዝናቡ በጣለ ጊዜ ግን ካባውን ሳያወልቅ በሬዎቹን ጠምዶ እርሻ ቢወርድ፣ ይህ ሰው የእንግሊዞች ጀረንድ ነው፤ ካባው ስምነቱ ሲሆን፣ በሬዎቹም ግሥ በነበረበት ዘመን ሲስባቸው የኖረው፣ ከሹመቱም በኋላ ያልተዋቸው ተሳቢዎቹ ናቸው። «ኢቲንግ እንጀራ» ቢባል፣ «ኢቲንግ» በስም ወንበር ላይ ቢቀመጥም እንጀራውን ከመሳብ አይቦዝንም። ከነገረ መለኮት ቃል መዋስ ድፍረት ባይሆንብኝ፣ ስምነትና ግሥነት ያለ መለያየትና ያለ መቀላቀል በአንድ ቃል ውስጥ አድረዋል እል ነበር። እንግዳ ነገርም አይደለም፤ የእኛው ንዑስ አንቀጽ «እንጀራ መብላት ያጠግባል» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «መብላት» እንደ ስም ባለቤት ሆኖ ተቀምጦ፣ እጁን ግን ከመሶቡ አላወጣም።

በዚህ ነገር ላይ እንግሊዞቹ ራሳቸው ብዙ ተከራክረዋል፤ ከሁሉ የገረመኝም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ካህን መሆኑ ነው። ሮበርት ላውዝ የሚባለው ይህ ሊቅ አስቀድሞ የዕብራውያንን ቅኔ መርምሮ፣ በመዝሙረ ዳዊት አንዱ ስንኝ የሌላውን ሐሳብ እንዴት እንደሚመልስ በኦክስፎርድ ያስተማረውን ትምህርት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1753 ካሳተመ በኋላ፣ በ1762 ደግሞ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አጭር መግቢያ አወጣ፤ በኋላም የሎንዶን ጳጳስ ሆነ። ቅኔና ሰዋስው፣ ዳዊትና ጵጵስና በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ስሰማ፣ «እንግዲያስ የቅኔ ቤት ሰው ነው!» ብዬ በዘመድ ዐይን አየሁት። ፍርዱም የባለ ርስት ፍርድ ይመስላል፤ ጀረንዱ «ዘ» የምትባለውን መስተአምር በፊቱ ካስቀደመ፣ ሙሉ ስም ሆኖአልና «ኦፍ»ን ከኋላው ያስከትል፤ ያለዚያ ሁለቱንም ትቶ እንደ ግሥ ተሳቢውን ይሳብ፤ ካባም በሬም በአንድ ጊዜ አይሆንም፣ ማለቱ ነው።

ዳሩ ግን የኢንግ ግራ መጋባት ከዘር የወረደ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የስሙ ጅራት «ኡንግ» ወይም «ኢንግ» ሲሆን፣ አሁን «እየሄደ» ብለን የምንተረጕመው የቅጽሉ ጅራት ግን «ኤንዴ» ነበር፤ ሁለቱ ወንዞች በመካከለኛው ዘመን ተቀላቅለው አንድ ኢንግ ከሆኑ በኋላ፣ የትኛው ውሃ ከየትኛው ምንጭ እንደ መጣ በጣዕም ለመለየት የሚሞክር መከረኛ ሆነ። በዚህ ግን አልስቅባቸውም፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ በጥንት ዘመን ሦስት ድምፅ ሆነው ሳለ ዛሬ በአማርኛ አፍ አንድ ሆነው፣ «ኀይል» በየትኛው ይጻፋል እየተባባሉ ስንት ጸሓፊዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሲኰራረፉ አይቻለሁና።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አንዱ ግሥ ኢንግን ሲያስከትል ሌላው ለምን «ቱ»ን እንደሚያስከትል ነው። «ኢንጆይ» እና «ፊኒሽ»፣ «አቮይድ» እና «ዲናይ» ኢንግን ይወዳሉ፤ «ዋንት» እና «ሆፕ»፣ «ዲሳይድ» እና «ፕሮሚስ» ግን ኢንግን ከደጅ መልሰው ቱን ያስገባሉ። ይህን ያህል ዝርዝር በቃል ማጥናት ለቅኔ ቤት ሰው ባይከብድም፣ ምክንያቱን ሳያውቅ ማጥናት ግን ይከብደዋልና፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ስመራመር ሰንብቼ፣ ኢንግ ወደ ኋላ የምታይ፣ ቱ ደግሞ ወደ ፊት የምታይ ናት የሚል ሐተታ አበጀሁ። ሰው የሚጨርሰው የጀመረውን፣ የሚክደውም ተደረገ የተባለውን ነውና ኢንግ ትከተለዋለች፤ የሚፈልገው፣ የሚመኘውና ቃል የሚገባበት ነገር ግን ገና አልተደረገምና ቱ ትቀድምለታለች። «ሪመምበር» የሚባለውም ግሥ ሐተታዬን አጸናልኝ፤ ከኢንግ ጋር ሲሆን «ደብዳቤውን ፖስታ ቤት መጣሌን አስታውሳለሁ» ማለት ሲሆን፣ ከቱ ጋር ግን «መጣል እንዳለብኝ አስታወስሁ» ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ደብዳቤው ሄዶአል፣ በሁለተኛው ገና በኪሴ አለ። ሐተታዬን ለመምህሩ ባቀረብሁ ጊዜ በትዕግሥት ሰምተው፣ «መልካም ነው፤ ነገር ግን ‹ፖስትፖን› ማለት ለነገ ማስተላለፍ ሆኖ ሳለ የሚፈልገው ኢንግን ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ያላደረግሁትን ነገር ወደ ኋላ እንዳይ በመገደዴ፣ ሐተታዬን ጠቅልዬ ካኖርሁበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን የሚረዳኝ፣ በሁለቱ ግን በአደባባይ የሚያሳፍረኝ ባልንጀራ ሆኖ ይኖራል።

የማሳፈሩን ነገር ካነሣሁ፣ በመሥሪያ ቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ባልንጀራዬ ከምሳ በኋላ የጠጅ ሽታ ይዞ እየገባ በማስቸገሩ፣ የውጭ አገር ሰው የነበሩት አማካሪ ጠርተው ገሠጹትና፣ ሁለተኛ እንዳይደግም በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ አዘዙት። ባልንጀራዬም ይቅርታው በአማርኛ ቢሆን ያንሳል ብሎ፣ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ አድሮ፣ «መጠጣት አቁሜአለሁ» ለማለት «አይ ሃቭ ስቶፕድ ቱ ድሪንክ» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም እንዲመታለትም ጠይቆ አቀረበ። አማካሪው ሲያነቡት ግን ነገሩ «ለመጠጣት ስል ቆሜአለሁ» የሚል ነበር። ረዥም ጊዜ ሣቁ ይባላል፤ በመጨረሻም፣ «በሥራ ዘመኔ ብዙ የጥፋት መግለጫ ተቀብዬአለሁ፤ እንዲህ ያለ እውነተኛ ግን አላየሁም» ብለው ማሩት። በእውነትም ባልንጀራዬ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከመንገዱ ዳር ካለችው ጠጅ ቤት ደጃፍ ለመጠጣት ያልቆመበት ቀን አልነበረምና፣ ሰዋስው ከሰውዬው አስቀድሞ ንስሐ ገባ።

ይህን ነገር ደጋግሜ ባሰብሁት ቍጥር አንድ ቍም ነገር እየተገለጠልኝ መጣ። በአማርኛ እንዲህ ያለ አደጋ የማይደርስብን እኛ ከእንግሊዞች ይልቅ ጠንቃቆች ስለ ሆንን አይደለም፤ «መጠጣት ተውሁ» ስንልና «ለመጠጣት ቆምሁ» ስንል፣ ልዩነቱን የምንከፍለው በዋናው ግሥና በ«ለ» ላይ ስለ ሆነ ነው። እንግሊዙ ለመተውም ለመቆምም አንድ «ስቶፕ» ብቻ ይዞ ስለሚጓዝ፣ ልዩነቱን በኋለኛው ግሥ ጅራት ላይ ለማስከፈል ተገደደ። ዱሮ ነጋድራሶች በየኬላው ቀረጥ ሲቀበሉ፣ አንዱን ኬላ ያለ ቀረጥ ያለፈ ነጋዴ በሚቀጥለው መክፈሉ አይቀርም ነበር፤ ቋንቋም እንዲሁ ነው። ነገርን ከነገር የሚለይበትን ቀረጥ የማያስከፍል ቋንቋ የለም፤ ኬላው የቆመበት ቦታ ይለያያል እንጂ። እንግዳ ሰው የሚቸገረው ቀረጡ በዝቶበት ሳይሆን፣ ገንዘቡን በለመደው ቦታ አውጥቶ ይዞ፣ ኬላው በሌለበት ሜዳ ላይ «ተቀበሉኝ» እያለ፣ ኬላው ባለበት በኩል ደግሞ ዝም ብሎ ሲያልፍ በመያዙ ነው።

ለዚህ ነው የእንግሊዞች ሊቃውንት ከባድ ውጊያ ያደረጉበት ኬላ ለእኛ ባዶ ሜዳ ሆኖ የሚታየው። ፋውለር የተባለው፣ በ1926 ስለ እንግሊዝኛ አነጋገር ትልቅ መዝገብ ያሳተመው ጥብቅ ሊቅ፣ «በእኔ መምጣት ተደሰቱ» ለማለት በኢንግ ፊት «ማይ» መባል ሲገባው «ሚ» የሚሉትን ሰዎች አምርሮ ይጠላ ነበር። ይህን ስሕተት በ1906 ከወንድሙ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ አውግዞ፣ ስም የማይሆን፣ ቅጽልም የማይሆን «የተጣመረ» ፍጥረት ነው ሲል ሰየመው፤ በ1925ም ስለዚሁ ብቻ ሌላ ጽሑፍ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የስፐርሰን የሚባል የዴንማርክ ሊቅ ተነሥቶ፣ ፋውለር ያወገዘውን አነጋገር ብዙ ታላላቅ የእንግሊዝ ደራስያን ሲጽፉበት መኖራቸውን ማስረጃ ደርድሮ መለሰለት። አንድ የዴንማርክ ሰው እንግሊዝን በእንግሊዝኛ ሲረታው ማየት ለማታ ተማሪ እንዴት ያለ መጽናኛ ነው! ይሁን እንጂ እኔ ለፋውለር አዘንሁለት፤ ይህ ሰው ጎጃም ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ዕድሜውን በቍጣ ባልፈጀ ነበር። በአማርኛ «መምጣቴ፣ መምጣትህ፣ መምጣቷ» ስንል የባለቤትነቱ ምልክት ከቃሉ ጋር ተሰፍቶ ስለሚወለድ፣ «እኔን መምጣት ደስ አላቸው» የሚል ሰው ቢፈለግ ሰክሮም አይገኝ።

እኔ ራሴ የተያዝሁበትን ኬላ ግን መደበቅ አይገባኝም። ትምህርቴን ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ እንዳረቅቅ ታዝዤ፣ ሌሊቱን ሁሉ ኢንግን ከቱ ስለይ አድሬ፣ በመጨረሻ «መልስዎን በናፍቆት እጠብቃለሁ» የሚለውን መዝጊያ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብዬ አሳረግሁት። ቱ ካለች ኢንግ የለችም፣ ይህ በሐተታዬ የታወቀ ነው፤ ናፍቆትም ወደ ፊት የሚያይ ነው። ደብዳቤው ከአለቃዬ ዘንድ ሲመለስ ግን «ሂር» በቀይ እርሳስ ተከብባ፣ በላይዋ «ሂሪንግ» ተጽፎባት አገኘሁ። እያዘንሁ ወደ መምህሩ ሄጄ ብጠይቅ፣ ቱ ሁለት ፊት እንዳላት፣ አንዳንድ ጊዜ የንዑስ አንቀጽ አጃቢ፣ አንዳንድ ጊዜ ግን «ወደ» የሚል ትርጓሜ ያላት ተራ መስተዋድድ መሆኗን፣ መስተዋድድም ግሥን ያለ ኢንግ ካባ ወደ ቤቷ እንደማታስገባ ገለጡልኝ። «እንዲህ ከሆነ በየትኛው ፊቷ እንደ መጣች በምን አውቃለሁ?» ብላቸው፣ «ከኋላዋ በግሡ ቦታ ስም አስገብተህ ሞክር፤ ‹ወደ በዓሉ› ማለት የሚቻል ከሆነ መስተዋድድ ናት» አሉኝ። ይህን ምክር እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ፤ ያች ቀይ ክብ ግን ከዐይኔ አልጠፋችም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መምህሩ አማርኛ መማር ጀመሩ፤ እኔም የቀይ እርሳስ ዕዳዬን የምመልስበት ዘመን መጣ። በመጀመሪያ፣ እንደ ጸሎተኛ በትሕትና፣ «ወዲህ ምጣ» ብለው ጠሩኝ። ሄደ፣ ሂድ፤ ወጣ፣ ውጣ፤ ቀጣ፣ ቅጣ እያሉ ግሡን በሥርዓቱ አውርደው የደረሱበት ነውና፣ ስሕተት ነው ብዬ ለማስረዳት አፌን ከፍቼ ምክንያት አጣሁ። «ምጣ አይባልም፤ ና ነው የሚባለው» አልኋቸው። «ና ከመጣ እንዴት ይወጣል?» አሉኝ። ዌንትና ጎ በፊቴ ቆመው ሲሣለቁብኝ ታየኝና፣ «እንዲያው ትእዛዝ ነው፣ የኔታ» ብዬ መለስሁ።

ታላቁ ፍርድ ግን የመጣው በቦዝ አንቀጽ ነው። ቦዝ ማለት የቦዘነ፣ ሥራ ፈት ማለት ነው፤ «በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተነሥቶ» እየተባለ አንድ መቶ ቦዝ ቢደረደር፣ በስተመጨረሻ «ሄደ» የሚል ማሰሪያ መጥቶ ካላሰረው፣ ሰሚው አንገቱን አስግጎ እንደ ቆመ ይቀራል። ግእዝን የመረመሩት የአውሮፓ ሊቃውንት ደግሞ ይህንኑ የእኛን ቦዝ ነው ጀረንድ ብለው የሰየሙት፤ ስለዚህ መምህሩ፣ «በአማርኛ ጀረንድ እንዳለ መጽሐፍ ላይ አነበብሁ» ብለው ደስ ብሎአቸው የነገሩኝ ቀን፣ የሚመጣውን አልጠረጠርሁም። በማግስቱ ማታ ጥቂት ዘግይተው፣ ፊታቸው አዝኖ ገቡና፣ በክፍሉ ፊት ቆመው፣ በጥሩ አማርኛ፣ «ዳይሬክተሩ ታመው» ብለው ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ታመው ምን ሆኑ? ታመው ተኙ? ታመው ሐኪም ቤት ገቡ? መምህሩ አሁንም ዝም እንዳሉ ነው። ዝምታው በረዘመ መጠን ማሰሪያው እየከበደ ሄደ፤ ሃምሳ አለቃው ቀስ ብሎ ቆቡን አወለቀ፤ ከበስተኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» ማለት ሲጀምሩ፣ ዳይሬክተሩ አፍንጫቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ኮታቸውን አንገታቸው ድረስ ቈልፈው፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ቤታቸው አለፉ። ለካ መምህሩ «ታመዋል» ሊሉ ኖሮአል! «አል» በምትለዋ ቅጥያ ጉድለት አንድ ጉንፋን የያዘው ሰው ሊቀበር ጥቂት ቀርቶት ነበር። መምህሩም ሁኔታው ሲገለጥላቸው፣ ጠመኔውን አስቀምጠው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሣቁና፣ «እናንተ ሰዎች ዐረፍተ ነገራችሁ እስኪያልቅ ድረስ ሰው በሕይወት ይቈያል?» አሉን።

መምህሩ ውላቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ፊደሉ በጥንቃቄ የተጻፈ፣ ሀሌታውም ሐመሩም በየቦታቸው የተቀመጡ፣ ከእኛ መሥሪያ ቤት ከሚወጣው ብዙ ደብዳቤ የሚሻል አማርኛ ነበር። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ አገራቸው ዝናብ፣ በጠዋት ስለ ናፈቃቸው የአዲስ አበባ ቡና ጽፈው፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ግን፣ «ሁላችሁንም አስታውሼ፣ ደኅንነታችሁን ተመኝቼ፣ የክፍላችንን ሣቅ በልቤ ይዤ» አሉና፣ ከዚያ በኋላ አራት ነጥብ አኑረው ስማቸውን ፈረሙ። እንደ ሊቅ ቢፈረድ ስሕተት ነው፤ ማሰሪያ የለውም። ቀይ እርሳሴን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። መልሴንም በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ መዝጊያውን ሦስት ጊዜ መርምሬ፣ ከቱ በኋላ ስም እያስገባሁ ሞክሬ፣ «ሂሪንግ» ብዬ፣ ኢንጓን እንደ ሙሽራ አጊጬ ላክሁላቸው። ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት ነው። እኔም ያችን ደብዳቤ በሣጥኔ ውስጥ አኑሬ፣ በፖስታ ቤት በኩል ባለፍሁ ቍጥር ቍልፌን አውጥቼ፣ የፖስታ ሣጥኔን ከፍቼ አይቼ፣ ባዶ ባገኘሁትም ጊዜ የኔታ ማሰሪያውን ይልኩልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ።